ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የመኪናውን ደረጃ አረጋግጡ፦ አዲስ መኪና ለምትገዙ የጮሌ ሰዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ፣ ባቄላው ገበያ ወጥቶ፣ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወቅት ከአርሲዋ ጮሌ ተነሥቶ አዲስ አበባ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። አንዱ የዓመታት ጥሪቱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሌላው ዕቁብ ወጥቶለት፤ ሌላው ውጭ አገር ያለ ልጁ የላከለትን ብር ጨምሮ። ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ የመኪናውን ስም አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት መኪኖች ባትሪያቸው በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ያንን ልዩነት አዲስ አበባ ውስጥ ሲነዱ ላያስተውሉት ይችላሉ። የአርሲን ዳገት ሲይዙ ግን በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል።

ጉዳዩ ዛሬ የከበደበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አውቶሞቢል ማለት በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። ጉምሩኩም ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትተው ለሚገቡት ደግሞ ዜሮ ሆነ። በዚህ የተነሣ የቻይና መኪና በብዛት ገባ። ለአርሲ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው ማራቶን ሞተር በ2012 ዓ.ም. ክረምት ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሀዩንዳይ አዮኒክ አገር ውስጥ ገጣጥሞ አውጥቷል። ያ አዮኒክ ራሱ በዓለም ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይዞ የተሸጠ መኪና ነው፤ መጀመሪያ 28፣ ኋላ 38.3 ኪሎዋት ሰዓት። ስሙና ቅርጹ ያው ነው።

በቤንዚን መኪና ዘመን በደረጃ መሳሳት የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ነበር። ዝቅተኛውን ኮሮላ የገዛ ሰው መስኮቱን በእጁ ያዞር ይሆናል፣ ቸርኬው ብረት ይሆንበታል እንጂ ነዳጅ ማደያ እስካለ ድረስ ያሰበበት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ደረጃው የምትደርሱበትን ርቀት ጭምር ሊወስን ይችላል። ስለዚህ በድሮው ዓይን መግዛት አደገኛ ነው።

እስቲ በመንገዳችን ላይ በብዛት የሚታዩትን እንውሰድ። ቢዋይዲ ሲገል የምትባለው ትንሿ መኪና በሁለት ባትሪ ትሠራለች፤ አንዱ 30.08፣ ሌላው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። የቻይናው መለኪያ ለመጀመሪያዋ 305፣ ለሁለተኛዋ 405 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ዩዋን ፕላስ 49.92 ወይም 60.48 ነው፤ 430 እና 510 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይሸጣል። ሶንግ ፕላስ በባትሪ ብቻ የሚሄደው 71.8 ወይም 87.04 ይይዛል፤ በዚሁ ስም ደግሞ ቤንዚንም የሚጠጣ፣ ባትሪው በጣም ትንሽ የሆነ ሌላ መኪና አለና ይህንንም ለይታችሁ ጠይቁ። የቮልስዋገን አይዲ ፎር «ፒዩር» የሚባለው 57 ገደማ፣ «ፕሮ» የሚባለው 84 ገደማ ባትሪ አለው፤ «ፕራይም» ሁለት ሞተር ኖሮት አራቱንም ጎማ ያሽከረክራል። «ፕላስ» የምትል ቃል ተጨምራ ስትሰሙም ባትሪው አብሮ ማደጉን በቁጥር አረጋግጡ እንጂ በቃሏ አትተማመኑ።

ደላላው ግን ይህን ቁጥር አይነግራችሁም። «ጋሼ፣ ይቺ ፉል ኦፕሽን ናት» ነው የሚለው። ሰንሩፉን ከፍቶ ያሳያችኋል፣ ስክሪኑን ያዞረዋል፣ የቆዳውን መቀመጫ ያስነካችኋል፣ የውስጥ መብራቱን ቀለም ይቀያይርላችኋል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ መኪናዋም በእርግጥ ፉል ኦፕሽን ልትሆን ትችላለች፤ ግን በትንሹ ባትሪ ላይ የተሠራች ፉል ኦፕሽን ልትሆን ትችላለች። የቻይና ፋብሪካዎች የምቾቱን ደረጃና የባትሪውን መጠን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጡት። በዩዋን ፕላስ ለምሳሌ አንዱ የደረጃ ስም በ430ም በ510ም ኪሎ ሜትር የሚገኝባቸው ዓመታት አሉ። የደረጃውን ስም ብቻ የጠየቀ ሰው ሙሉ መልስ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ ዋናው ነገር አምልጦታል።

ይህ ነገር በጎ ጎንም አለው፤ ለገዢ የሚጠቅም ነውና ልብ በሉት። ሁለቱ ነገሮች ለየብቻ ከሆኑ፣ ትልቁን ባትሪ በዝቅተኛው የምቾት ደረጃ መግዛት ይቻላል ማለት ነው። ለጮሌ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ጨርቅ መቀመጫ ያለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ትንሽ ቸርኬ ያለው፣ ባትሪው ግን ትልቅ የሆነ መኪና ፈልጉ። ሻጩ «እሱን ማንም አይፈልገውም፣ ስትሸጠው ዋጋ አያወጣልህም» ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ እውነቱን ይሆናል። እናንተ ግን የምትነዱት ጮሌ ነው።

አሁን ስለ ርቀቱ። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር የሚለካው በቻይና የሙከራ ዑደት ነው። ያ ሙከራ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ዳገት በሌለበት፣ በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተነዳ የሚደረግ ነው። የከተማ መጨናነቅን ይመስላል እንጂ የአዳማን የፍጥነት መንገድ አይመስልም፤ የአሰላን ዳገትማ ጨርሶ አይመስልም። የልዩነቱን መጠን ማየት ለሚፈልግ ጥሩ ማስረጃ አለ። ያው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ዩዋን ፕላስ ወደ አውሮፓ ሲላክ አቶ ሦስት ይባላል፤ የአውሮፓው መለኪያ የሰጠው 420 ኪሎ ሜትር ነው። ቻይና ላይ 510፣ አውሮፓ ላይ 420። ባትሪው አልተለወጠም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከአውሮፓውም ያነሰ ነው የሚያገኘው። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ ከማስታወቂያው ቁጥር ላይ አንድ ሦስተኛውን ቀንሳችሁ አስቡ፣ ከቀረውም ላይ ለመጠባበቂያ ትንሽ ተዉ ነው።

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አዳማ ድረስ ይወርዳል፤ ከአዳማ በኋላ መልሶ ይወጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። ሰው ጭና 1,500 ኪሎ የምትመዝን ሲገል ይህን 700 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ወደፊት ለመሄድ ከሚያስፈልጋት ውጭ፣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ታወጣለች። ባትሪዋ 30 ከሆነ አንድ አሥረኛው በዳገቱ አለቀ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ከፊሉ ይመለሳል፤ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ታገኙታላችሁ፣ ወደ ቤታችሁ ስትወጡ ግን አይደለም። በግምት ሳሰላው፣ በትንሹ ባትሪ ሙሉ ቻርጅ ይዛ ከአዲስ አበባ የወጣች ሲገል አሰላ የምትደርሰው በጥቂት ትርፍ ነው። አሰላ ለደረሰ ሰው ጮሌ ገና ነው። ተሳፋሪ ሲሞላ፣ ማሞቂያ ሲከፈት፣ ዝናብ ሲዘንብ ያ ትርፍ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ይህን የምለው ሲገልን ለማጥላላት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር፣ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳና ማታ ቤቱ ሰክቶ ለሚያድር ሰው ትንሹ ባትሪ በቂ ነው፤ ለማይጠቀምበት ባትሪ ተጨማሪ ብር መክፈልም የለበትም። ደረጃ የሚመረጠው በሚኖሩበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ በመኪናው ስለተደሰተ ያው መኪና ለእናንተ ይሆናል ማለት አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ ሰው ያለውን ጥቅምም መናገር ተገቢ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይደክማል፤ አሰላ ከፍታ ላይ ከአምስት እጁ አንዱን ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና አይደክምም። ስለዚህ ዳገት ላይ ጎበዝ ነው፤ የሚያሳስበው ጉልበቱ አይደለም፣ የያዘው ስንቅ ነው።

ታዲያ የባትሪውን መጠን ሻጩ እንደነገረን ካላመንን በምን እናውቃለን? ይህን ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቻይና ውስጥ ለሚሸጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚለጠፍ ትንሽ ሳህን አለ፤ ብዙ ጊዜ በሩን ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ለማንም ይነበባል። ከቁጥሮቹ አንዱ አጠገቡ የቮልት ምልክት የሆነችው የላቲን «ቪ» ፊደል አለች፤ ሌላው አጠገቡ «ኤ» እና «ኤች» ፊደላት አሉ፣ እነሱ አምፔር ሰዓት ማለት ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ የምታገኙት የባትሪው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትልቁ ባትሪ ያለው ዩዋን ፕላስ ላይ 403.2 ቮልትና 150 አምፔር ሰዓት ይገኛል። ሲባዛ 60,480፣ ሲካፈል 60.48። ስልካችሁ ላይ ባለው ማስሊያ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ 510 ነው ብሎ ስሌቱ 50 ከሰጣችሁ የተነገራችሁ ትክክል አይደለም፤ ቀብዱን ኪሳችሁ መልሱ።

የሻንሲ ቁጥሩንም እዚያው አንብቡ። 17 ፊደልና ቁጥር አለው። የመጀመሪያው «ኤል» ከሆነ መኪናው የተሠራው ቻይና ነው፤ «አይዲ ፎር ነው፣ የጀርመን ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ መልሱ እዚያ ላይ አለ። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «የዘንድሮ ሞዴል» ተብሎ የቀረበላችሁ መኪና ሁለት ዓመት ወደብና ግቢ ውስጥ የቆመ ሊሆን ይችላል። ባትሪ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ላይ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይና ሊብሬው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም በዓይናችሁ አስተያዩ።

«ዜሮ ማይል» የሚባለው ነገርም ጥያቄ ይጠይቃል። ቻይና ውስጥ በአንድ ሰው ወይም ድርጅት ስም ተመዝግቦ፣ ሳይነዳ፣ እንደ ያገለገለ መኪና ወደ ውጭ የሚላክ አለ፤ በ2025 የቻይና መንግሥት ራሱ ጉዳዩን አንሥቶበታል። መኪናው በእርግጥ አዲስ ነው፤ ዋስትናው ግን መቆጠር የጀመረው ገና ከዚያ ሳይወጣ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የፋብሪካ ዋስትናው በተለምዶ የሚያገለግለው እዚያው ቻይና ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዋስትና እሰጣለሁ የሚላችሁ አስመጪው ነው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። ስለዚህ ዋስትናውን ማን እንደሚሰጥ፣ ባትሪውን ይጨምር እንደሆነ፣ ሲበላሽ መኪናው ከጮሌ አዲስ አበባ ድረስ በማን ወጪ እንደሚጫን በጽሑፍ ጠይቁ።

ከባትሪው ቀጥሎ ጎማ ነው። ከፍ ያለው ደረጃ ሲያምር የሚያምረው በትልቁ ቸርኬ ነው፤ 20 ኢንች፣ አልፎ አልፎም 21። ቸርኬው ባደገ ቁጥር የጎማው ጎን እየሳሳ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ውበት ነው። ጠጠር መንገድ ላይ፣ ክረምት የበላው ጉድጓድ ላይ፣ ጎኑ ይቆረጣል፤ የጎን ቁስል ደግሞ ጎሚስታ አይጠግነውም። መተኪያው አሰላ ላይ ይገኝ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ 17 እና 18 ኢንች ማግኘት ከ21 ይቀላል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ እንደሌላቸውም እወቁ። የኋላውን ወለል አንሡ፤ በስኮርታ ፋንታ የምታገኙት የአየር መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል። ለጮሌ መንገድ ያ አይበቃም፤ ስኮርታና ክሪክ አብሮ እንዲሰጣችሁ ከዋጋው ጋር ተደራደሩ።

ባትሪው ከወለሉ በታች የተነጠፈ ነውና የመኪናው ከፍታም ቀላል ነገር አይደለም። ባዶውን ቆሞ ከፍ ያለ የሚመስለው መኪና አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ሲጫንበት ይወርዳል። አምስት ሰው አስገብታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሥር ድንጋይ የነካው ባትሪ ወጪው የዘይት መያዣ እንደተሰነጠቀበት መኪና አይደለም።

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ደረጃ ዋጋው ይከብዳል፣ ኤሌክትሪክም ይበላል። ሆኖም ክረምት መረሬው ሲረጥብ በየሳምንቱ መውጣት የግድ ለሚሆንበት ሰው፣ ለምሳሌ ለነጋዴ ወይም በሽተኛ ለሚያመላልስ ሰው፣ ከቆዳ መቀመጫና ከሰንሩፍ ይልቅ ገንዘቡ እዚያ ላይ ቢውል ይሻለዋል። ሐምሌና ነሐሴን መኪናውን ግቢ አቁሞ በሌላ ለሚጓጓዝ ሰው ግን ትርፍ ነው።

የመስታወት ጣሪያ ለአርሲ ደጋ አልመክርም። በረዶ የሚጥልበት አገር ነው፤ ብርዱም ከላይ ይገባል፤ ሲሰበር መተኪያው ከቻይና ይመጣል። ይልቅ ስለ ማሞቂያው ጠይቁ። የታኅሣሥ ጠዋት ጮሌ ላይ ያለ ማሞቂያ አይነዳም። ዝቅተኛው ደረጃ እንደ ምድጃ በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ሊሆን ይችላል፤ ያ ባትሪውን ፈጥኖ ይጨርሳል። ሌላው ዓይነት ሙቀትን ከውጭው አየር ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ነው፤ ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የሚወስደው ኤሌክትሪክ በጣም ያነሰ ነው። በአንዳንድ ሞዴል በሁሉም ደረጃ ላይ አለ፣ በአንዳንዱ በከፍተኛው ብቻ።

ደህንነት ላይ ግን ደረጃ ዝቅ አታድርጉ። ኤርባግ የፊት ብቻ ነው ወይስ የጎንም አለ? መኪናው በጭቃና በጠመዝማዛ ላይ ሲንሸራተት የሚያስተካክለው ሥርዓት አለው ወይ? እነዚህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። በ2020 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ድርጅት ለሕንድ ገበያ የተሠራችውን ሱዙኪ ኤስ ፕሬሶ ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ዜሮ ኮከብ ሰጣት፤ ያን ጊዜ በመነሻው ደረጃ የነበረው ኤርባግ የሹፌሩ ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 2019ም አፍሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረውን አዲስ የኒሳን ፒክአፕ፣ ኤንፒ 300 ሃርድቦዲን፣ አውሮፓ ውስጥ ከተሸጠ ያገለገለ የኒሳን ናቫራ ጋር ፊት ለፊት አጋጭተውት የአዲሱ ሹፌር የከፋ ጉዳት እንደሚደርስበት ታይቷል። ስሙ የታወቀ ፋብሪካ መሆኑ ብቻ ሕይወት አያድንም። ከአሰላ ሲመለሱ ጭጋግ ውስጥ ከአይሱዙ ጋር የሚተላለፍ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

ስለ ስክሪኑና ስለ ድምፅ ትእዛዙ ብዙ አልልም። ካርታው የቻይና ነው፣ ድምፁም አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማም፤ በስልክ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ምናሌው ወደ እንግሊዝኛ የሚለወጥ መሆኑን ብቻ እዚያው አስለውጣችሁ እዩ።

ቤታችሁ ያለው መስመርም ከመኪናው ደረጃ ጋር መስማማት አለበት። ተራ ሶኬት ላይ በ10 አምፔር የተሰካ መኪና 2.2 ኪሎዋት ነው የሚያገኘው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። 7 ኪሎዋት የሚሰጠው የግድግዳ ቻርጀር በ9 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ግን ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጣደ ያህል ጭነት ነው። አሮጌ ሽቦ ይህን አይሸከምም። ቆጣሪያችሁ፣ ሽቧችሁና ብሬከሩ ይችል እንደሆነ፣ ወደ መሬት የሚወርደው የኧርዝ መስመር መኖሩን የሠለጠነ ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥላችሁ፤ ካልቻለ መስመሩን ለማሳደግ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቁ። በማከፋፈያ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማደር እሳት ያመጣል፤ ይህን ማንም እንዳያደርግ አደራ እላለሁ። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ትልቅ ባትሪ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁለት ቀን መብራት ቢጠፋ አሰላ የሚያደርስ ይኖራችኋል።

መንገድ ላይ ያለውን ቻርጀር በተመለከተ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የፈጣን ቻርጀር መሰኪያው ቻይና የምትጠቀምበት ዓይነት ነው፤ የአውሮፓው መሰኪያ አይገባበትም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ሌሎችም እየተከፈቱ ነው። ጮሌ ላይ ያለ ሰው ግን ኑሮውን በእነዚያ ላይ መመሥረት አይችልም። በመንገዱ ላይ የትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው መሰኪያ፣ በእርግጥ እንደሚሠራ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው፤ የሚጠቅመው ግን ለጻፈ ሰው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። «አዲስ ነጭ ዩዋን ፕላስ» ተብሎ በተጻፈ ውል ላይ ትንሹ ባትሪ ቢደርሳችሁ፣ ሻጩ ያለውን ሰጥቷል፤ ክርክሩ ይከብዳችኋል። ውሉ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የደረጃው ሙሉ ስም፣ የባትሪው ኪሎዋት ሰዓት፣ የሚያሽከረክሩት ጎማዎች ቁጥር፣ የቸርኬው ኢንች፣ ዋስትና ሰጪው ተጽፈው ሲገኙ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን አስጽፉ። ሲያስረክቧችሁም በሩን ከፍታችሁ ሳህኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶው ከውሉ ጋር ይቀመጥ።

ጮሌ ውስጥ ከእናንተ ቀድሞ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ካለ፣ ከአዲስ አበባ ደላላ በፊት እሱን ጠይቁ። ሙሉ ቻርጅ ይዞ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ፣ ክረምት ምን ገጠመው፣ ሲበላሽ ማን ሠራለት፣ ይህን እሱ ያውቃል። እናንተም የገዛችሁ ሰዎች ለሚጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩ፤ የገዛችሁት ትንሹ ባትሪ ከሆነ ትንሹ ነው በሉ፤ ጎረቤታችሁ ያንኑ እንዳይደግም። ልጆቻችሁ ማባዛትና ማካፈል ያውቃሉ፣ ስልክም ይዘዋል፤ መኪና ልታዩ ስትሄዱ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ። የባትሪውን ቁጥር ውሉ ላይ አልጽፍም ለሚል ሻጭ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቀብድ አትስጡ።